ዶክተሩ «ተሳስቻለሁ» ብሎ የመጣ ዕለት

መርሐ ግብሩን የሚመራው ዲያቆን ሦስት ጣቱን ያሳየኛል፤ ሦስት ደቂቃ ማለቱ ነው። ልጄ ማሊታ ክንዴን ይዛ ከወንበሬ ታስነሳኛለች።

«እማዬ፣ ወረቀቱን ያዢው እንጂ።»

ወረቀቱን የጻፈው ኮሚቴው ነው። ዶክተር ሳምባኒ ትጉህ ነበር፣ ደግ ነበር፣ እዚህ ዞምባ አርባ ዓመት ሕመምተኛ አክሟል ይላል። ውሸት የለበትም። ግን እንዲህ ያለው ነገር ለማንም ይባላል። ካረፈ ዓመት ሞላው፤ ዛሬ የመቃብሩ ድንጋይ የሚገለጥበት ቀን ነው። የሸፈነው ነጭ ጨርቅ ተነሥቷል። መንደሩ ሁሉ በዛፎቹ ጥላ ሣሩ ላይ ተቀምጧል።

ወረቀቱን አጥፌ የዶክተሩን ባለቤት ወይዘሮ ሳምባኒን አያታለሁ። ምን ልናገር እንዳሰብኩ ገብቷታል። ቀስ ብላ ራሷን ትነቀንቅልኛለች፤ ተናገሪው ማለቷ ነው። አጠገቧ ያለው ልጇ ኩምቡካኒ፣ እሱም ሐኪም ነው፣ ጠዋት ከመጣ ጀምሮ መሬት መሬቱን ያያል።

«ሦስት ደቂቃ አይበቃኝም» እለዋለሁ ዲያቆኑን። «አንተ የታመምክ ጊዜ ዶክተሩ መች ሰዓቱን አየብህ?»

ሰዉ ይስቃል። ዲያቆኑም እየሳቀ ይቀመጣል።

«ማሊታ አራት ዓመቷ ነበር» ብዬ እጀምራለሁ። «ትኩሳት ያዛትና ዶክተሩ ጋ ወሰድኳት። ወባ ነው አለኝ፤ መድኃኒት ሰጥቶ ወደ ቤት ላከን። በሦስተኛው ቀን አንገቷ እንደ እንጨት ደረቀ። ወባ አልነበረም። የማጅራት ገትር ነበር።»

ኩምቡካኒ ቀና ይላል።

«ልጄ ተረፈች። ቀኝ ጆሮዋ ግን አልተመለሰም። ከሆስፒታል በወጣን ማግስት፣ ምሳ ልንበላ ስንል፣ አንድ ሰው በዝናብ በስብሶ በራፋችን ላይ ቆመ። ቦርሳ አልያዘ፣ ጃንጥላ አልያዘ። ዶክተር ሳምባኒ ነው። ‹ተሳስቻለሁ› አለ። ‹ያን ቀን በደንብ ብመረምራት ኖሮ ጆሮዋ ይተርፍ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።› ባሌ ዋድሰን ወንበሩን ገፍቶ በጓሮ በር ወጣ። እመታዋለሁ ብሎ የገዛ እጁን ፈርቶ ነው የወጣው።»

«አንቺስ?» ትላለች ከኋላ አንዲት ሴት፣ መጠበቅ አቅቷት።

«እኔም ይቅር አላልኩት። ‹ይቀመጡ› ብቻ አልኩት፤ እንደዚያ በስብሶ ቆሞ ማየት ስላልቻልኩ። በሳምንቱ ሐሙስ መጣ። በሌላውም ሐሙስ። ከማሊታ በግራ በኩል፣ በምትሰማበት በኩል፣ ምንጣፉ ላይ ይቀመጥና ተረት ያነብላታል። እሱ በፊት ለፊት ሲገባ ባሌ በጓሮ ይወጣል። ሦስት ወር ሙሉ! አንድ ሐሙስ ጎርፍ ይዞት ዘገየ። ዋድሰን ይወጣል፣ መንገዱን ያያል፣ ይገባል፣ ደግሞ ይወጣል። በኋላ ተቆጥቶ ‹ያ ሰውዬ ዛሬ ቀረ እንዴ?› አይለኝ መሰላችሁ!»

ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። ማሊታ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች።

«ከዚያ በኋላማ ገበጣ ላይ ከተቀመጡ የሚያስነሳቸው ጠፋ። አንዱ አንዱን አታለልከኝ ሲል ጎረቤት ይሰማል። ዋድሰን ሲሞትብኝ ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ ዶክተሩ ነበር። በስልሳ ሰባት ዓመቱ። አካፋውን ተቀበሉት ብላቸው ማንም አልደፈረም።»

ሌላ የምለው የለኝም። እቀመጣለሁ። ደረቴ ቅልል ብሎኛል።

መዝሙሩ ሲጀመር ኩምቡካኒ መጥቶ ወንበሬ አጠገብ ይንበረከካል።

«እማማ ኤስናት፣ አባዬ ይህን ነግሮኝ አያውቅም።»

«ምን ብሎ ይንገርህ፣ ልጄ?»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይላል። ድምፁን ከመዝሙሩ ዝቅ አድርጎ፣ ለእኔ ብቻ፣ «ባለፈው ወር እኔም የአንዲት እናት ልጅ ላይ…» ብሎ ያቆማል።

«ልጁ በሕይወት አለ?»

«አለ። ግን እግሩ…»

«ቤቷን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ? ነገ ሂድ።»

«ብታባርረኝስ?»

«ታባርርህ! እኔም አባትህን ላባርረው ምንም አልቀረኝም ነበር። በሳምንቱ ደግሞ ሂድ።»

አጭር ሳቅ ያመልጠዋል። እጄን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን ያስነካበታል፤ ከዚያ ተነሥቶ እናቱ ጋ ይሄዳል። ማሊታ «ምን አለሽ?» ትለኛለች። «ሰላም አለኝ» እላታለሁ።

መዝሙሩ ሲያልቅ ሰዉ አበባ ለማስቀመጥ ይሰለፋል። ፊት ያለችው ዶክተሩ ጉልበቷን ሲያክማት የኖረ አሮጊት ናት። አበባዋን ታስቀምጥና ትንሽ ታመነታለች፤ ቀጥላ ጫማዋን አውልቃ ትቀመጣለች፣ ጀርባዋን አዲሱ ድንጋይ ላይ አስደግፋ እግሯን ትዘረጋለች። ዲያቆኑ ሊያስነሣት ይራመዳል።

«ተዋት፤ እሱም ቢኖር አረፍ በይ ነበር የሚላት» ትላለች ወይዘሮ ሳምባኒ።

አሮጊቷ ዓይኗን ጨፍናለች። ሰልፉ በእግሯ ዙሪያ ቀስ እያለ ያልፋል።