ጥቁሩ ገመድ መጀመሪያ

ከቀትር እንቅልፌ ስነቃ ተሽከርካሪ ወንበሬን ማዳበሪያ ለብሶ አገኘሁት። እናቴ አጠገቡ ተንበርክካ ጎኑን በወስፌ ትሰፋለች።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየሰፋሁልሽ ነዋ! በአውሮፕላን ይሄዳል አላልሽም?»

እህቴ ብርሀንነሽ ከኩዌት የምትልከው ዕቃ ሁሉ ተሰፍቶ፣ በገመድ ተጠፍሮ፣ ስም ተጽፎበት ነው የሚደርሰን። ለእናቴ አውሮፕላን የሚጭነው እንዲያ ያለውን ነው። በማዳበሪያው ላይ በትልልቅ ፊደል «የትምወርቅ፣ መካነ ሰላም» ብላ ጽፋለች።

«እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ እኮ ተቀምጬበት ነው የምሄደው።»

«ታዲያ ቀድመሽ አትናገሪም?» ብላ ስፌቱን ልትፈታ መቀሱን አነሳች።

አልተናገርኩም ነበር። የሚያስፈልገኝን ግማሹን በሆዴ ነው የማስቀረው።

አምና አዲስ አበባ ለሥራ ፈተና ስንሄድ ወንበሩ ይሰበራል ብለን እቤት ተውነው። ሁለት ወንዶች ተሸክመው አዳራሹ ውስጥ አስቀመጡኝ። ስሜን እንኳ የጠየቁት እናቴን ነበር። የዘንድሮው የቃል ፈተና ሰኞ እዚያው አዲስ አበባ ነው። እናቴ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ድረስ ትሸኘኛለች፤ ከዚያ ወዲያ ብቻዬን ነኝ።

ትኬት ቢሮ የነገሩኝን በወረቀት ይዣለሁ። የወንበሩ ባትሪ ደረቅ ስለሆነ ከቦታው አይነሳም፤ የባትሪው ገመድ ይነቀላል፣ ጫፉ በቴፕ ይጠቀለላል፣ በእጄ የምነዳበት መንጃ ተፈትቶ ከእኔ ጋር ይገባል። የሚነቅሉት ግን ወንበሩን አይተውት የማያውቁ ሠራተኞች ናቸው። ካበላሹት አዲስ አበባ ላይ እንደገና ሰው ይሸከመኛል።

ባጃጅ የሚጠግነውን ጎረቤታችንን ፈንታውን ለልምምድ አስጠርቼው ነበር። መፍቻውን ይዞ ገባና ወንበሩ ሥር ተንበረከከ።

«እትዬ አስቻለች፣ የቱን ልንቀል?» አለ ወደ እናቴ ቀና ብሎ።

«ጥቁሩን» አልኩ ከአልጋዬ ላይ።

«ምን አለች?» አላት አሁንም።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሷን ጠይቃት እንጂ!»

ፊቱን ወደ እናቴ እንዳዞረ እጁ ወደ ቀዩ ሄደ።

«ቀዩን ተው! ጥቁሩ መጀመሪያ!»

መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

«ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ድምፅ አላት ለካ! ይህን ያህል ዓመት ጎረቤት ሆነን!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ገመዶቹን አየና፣ «እሱስ እውነቷን ነው» አለ።

«ቴፑን እስከ ታች ጠቅልለው፤ ብረቱ እንዳይታይ።» ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም። «አሁን መንጃውን ፍታ። ቀስ! ጎማው አጠገብ ያለችውን ቢጫ እጀታ ወደ ታች። ግፋው እስቲ።»

ወንበሩ ያለ ሞተር ተንከባለለ።

«አለቀ» አለ እጁን በሱሪው እየጠረገ።

«መልሰህ ግጠመው።»

ገጠመው።

«አሁን ወንበሩን አይቶት እንደማያውቅ የአየር ማረፊያ ሠራተኛ ሁን። ከመጀመሪያው እነግርሃለሁ።»

ፈንታው እናቴን አያት። እናቴ ከወለሉ ላይ ብጥስጣሽ ክር ትለቅማለች፤ ቀና አላለችም።

ፈንታው እንደገና ተንበረከከ።