የፊት ግራ ጎማ

ከተማ እጁን አነሳ።

«ሰማ!» አለ ሄር ብሩነር፤ የመኖሪያ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። እርሳሱ ወረቀት ሲጭር ለከተማ ተሰማው። ወደ እሱ ሲመጣ የነበረው መኪና ቆመ፤ ሜትር ተዘርግቶ ተለካ። «አሥራ አራት ሜትር! የሰባ ሦስት ዓመት ሰው፣ ያውም ዓይነ ስውር፣ በአሥራ አራት ሜትር ሰማ። ታዲያ ድምፅ ማሰሚያው ለምን ያስፈልጋል?»

መተርጎም አላስፈለገም፤ ይህን ያህል ጀርመንኛ ከተማም ያውቃል። ሚስቱ ምንትዋብ ክንዱን ቆነጠጠችው።

«ምነው አንተ? አንድ ቀን እንኳ ጆሮህን ብትሸሽገው ምን አለበት?»

«ሰምቼ አልሰማሁም ልበል?»

«አዎ በል! ማን ያውቅብሃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

አፎልተርን ሰፈር ያለው ማኅበራቸው ነዋሪው በየተራ የሚነዳቸው አምስት የኤሌክትሪክ መኪኖች አሉት። የቆዩ ስለሆኑ ሲጠጉ ድምፅ አያሰሙም። ድምፅ ማሰሚያ ይገጠምላቸው አይገጠምላቸው የሚለውን ነዋሪው ማክሰኞ እጅ አውጥቶ ይወስናል። ምድር ቤት የሚኖሩት «ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ መስኮታችን ሥር ሊያጉረመርሙ ነው» ብለው አይፈልጉም። ሄር ብሩነርም ከእነሱ ጋር ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የእሱም መኝታ ቤት በዚያው በኩል ነው።

ከተማን እዚህ ያቆመው የካቲት ላይ የሆነው ነገር ነው። ሰው ወደ ሰው ሲጠጋ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ያን ቀን ከጋራዡ የወጣው መኪና ግን እህ እንኳ ሳይል መጥቶ ነጭ ዱላውን ሰበረው። የተሰበረው ዱላ ብቻ ነበር። ይሁንና ጄኔቫ ያለችው ልጁ ናፍቆት በስልክ «አባዬ፣ ሁለተኛ ብቻህን እንዳትወጣ፤ ማልልኝ» አለችው። ማለላት። ከዚያ ወዲህ ቪዲኮን ሰፈር ያሉ ጓደኞቹ ዘንድ እንኳ ሚስቱ ካልመራችው አይሄድም። መኪኖቹ ድምፅ ከተገጠመላቸው መሐላውን እፈታልሃለሁ ብላዋለች።

አሁን ያን ተስፋ በገዛ እጁ ጣለው።

የሰማውን ደግሞ በልቡ አዳመጠው። ሞተር አልነበረም። ነፋስም አልነበረም። ውር፣ ውር የሚል፣ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ያዝ የሚያደርገው ነገር ነው። ይህን ያውቀዋል። አዲስ አበባ፣ አንበሳ አውቶቡስ ጋራዥ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መካኒክ ሆኖ ሠርቷል። ዓይኑ ደህና በነበረበት ጊዜም ይመረምር የነበረው በጆሮው ነው። ሹፌሮች «ዶክተር» ይሉት ነበር። ተጠግኖ የሚወጣውን አውቶቡስ ኮፈኑን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ «ጤነኛ ነው» ካላለ ቁልፍ የሚቀበል ሹፌር አልነበረም።

«ምንትዋብ፣ ንገሪው። መኪናውን አልሰማሁትም።»

«እሰይ! ውሸቱ አሁን ነው የመጣልህ?»

«ውሸት አይደለም። የሰማሁት በሽታውን ነው። የፊት ግራ ጎማ ኩሽኔታው አልቋል።»

ምንትዋብ ሃያ ዓመት የሠራችው አረጋውያን መጦሪያ ነው፤ በጀርመንኛ የክኒን ስም እንጂ የኩሽኔታ አልተማረችም። ጡጫዋን በሌላው መዳፏ ውስጥ አሽከረከረችና የመኪናውን ጎማ አሳየች። ሄር ብሩነር ሳቀ።

«ከአሥራ አራት ሜትር?»

«ከሃያ» አለ ከተማ። «እጄን ያነሳሁት ሳረጋግጥ ነው።»

መኪናውን ሲነዳ የነበረው የግቢው ጥገና ሠራተኛ፣ ፖርቱጋላዊው፣ አልሳቀም። ክሪክ አወጣ። ከተማ የክሪኩን ጥርስ አንድ በአንድ ሰማ፤ ጎማው ከመሬት ሲላቀቅም ሰማ። ፖርቱጋላዊው ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው።

ቋ። ቋ። ቋ።

«እውነቱን ነው» አለ። «ይሄ ወር አይቆይም።»

ከሰገነት ላይ አንዲት ሴት አጨበጨበች። ምንትዋብ ክንዱን የያዘችበት አያያዝ ተለወጠ። ቅድም በሽተኛ እንደሚደግፍ ሰው ነበር፤ አሁን ባሏን ይዛ ሰርግ ቤት እንደምትገባ ሴት ሆነ።

«ሌላ አምጡ» አለ ከተማ በራሱ ጀርመንኛ። «ጤነኛ።»

ሄር ብሩነር ሰው አላዘዘም፤ ባለፈው ሳምንት የተመረመረውን ራሱ መረጠ። ደንቡ ያው የቅድሙ ነው፦ መኪናው በሰው እርምጃ ይመጣል፤ ከተማ ከሰማው እጁን ያነሳል፤ ካልተሰማ ከሰውየው አንድ ክንድ ሲቀረው ይቆማል።

«ሂጂ፣ ራቅ በይ» አላት ሚስቱን።

«ከተማ ...»

«ራቅ በይ አልኩሽ።»

ብቻውን ቆሞ አዳመጠ። የአንበሳ ጋራዥ በር ላይ ቆሞ አውቶቡስ እንደሚያዳምጥበት ዘመን፣ ጆሮውን ሳይሰስት አዳመጠ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ማንኪያ ወደቀ። ባቡር ወደ ጣቢያው ገባ። እርግብ ክንፏን አራገበች። ሄር ብሩነር በአፍንጫው ይተነፍሳል፤ አፍንጫው በግራ በኩል ተደፍኗል። ይህ ሁሉ ተሰማው። እጁ ከጎኑ አልተነሳም።

ከዚያ ግቢው ጭጭ አለ። እርሳሱም ቆመ።

«ምንትዋብ፣ ተነሳ እንዴ መኪናው?»

 

ከተማ እጁን ወደ ፊት ሰደደ። ክንዱ ተዘርግቶ ሳያልቅ ቀዝቃዛ ብረት አገኘ። ወገቡን ቀና አደረገ። ኮፈኑን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው።

«ጤነኛ ነው» አለ።