ደህና አደረ፣ አልሐምዱሊላህ

ሲስተር ሚስጥር የልጄን አዳር የመዘገብኩበትን ወረቀት አንብባ ጨረሰች፤ ገልብጣ ባዶ ጀርባውን አየች፤ መልሳ ገለበጠችው።

«እናቴ፣ ይሄን የሞሉት እርስዎ ነዎት?»

«በገዛ እጄ» አልኳት። ከመጋቢት ጀምሮ የጎልማሶች ትምህርት እንደምማር ልነግራት ነበር፤ ልጄ ሑዘይፋ ቀደመኝ።

«እማ አሁን ጸሐፊ ሆናለች አቦ! ከሱቃችን ታፔላ እንኳ ስህተት አውጥታለች።»

ሲስተር አልሳቀችም። ሰባቱን ቀናት በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንድ በአንድ ነካቻቸው። ሰኞ፦ ደህና አደረ፣ አልሐምዱሊላህ። ማክሰኞ፦ ደህና አደረ፣ አልሐምዱሊላህ። እስከ እሁድ እንዲሁ ነው። እንዳይበላሽብኝ እያንዳንዱን መስመር መጀመሪያ ደብተሬ ላይ ተለማምጄ ነው የጻፍኩት።

«እንግዲህ…» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «ጥናታችን የሚቀበለው የኩላሊት ሕመም በሚያመጣው ማሳከክ እንቅልፍ ያጡ አዋቂዎችን ነው። ወረቀቱን ቤተሰብ እንዲሞላው የሰጠናችሁም ለዚህ ነበር። በዚህ መሠረት ልጅዎ ሰባቱንም ሌሊት ተኝቷል። ላስገባው አልችልም።»

ከገለምሶ ጭሮ ድረስ የመጣነው ሐኪሙ «ያለኝን መድኃኒት ሁሉ ሞክሬያለሁ፤ የቀረው ይሄ ጥናት ነው» ስላለን ነው። ምዝገባው ደግሞ ዛሬ ይዘጋል።

«አይተኛም!» አልኩ። «የጻፍኩት ውሸት ነው። ሌላ ወረቀት ስጪኝ ልጄ፣ አሁኑኑ እጽፈዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ብለው ጻፉ?»

ሰው «እንዴት አደራችሁ» ሲል «አልሐምዱሊላህ» ነው የሚባለው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ደግሞም በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ስለ ልጄ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር ነው። ክፉ ልጻፍበት? እጄ እምቢ አለኝ።

«ፈራሁ» አልኳት።

ሲስተር ግንባሯን አሸት አሸት አደረገች። «የተጻፈውን ማጥፋት አልችልም። ግን እሱ አዋቂ ነው፤ ራሱ የሚለውን ከጎኑ ጽፌ ለኃላፊው ላሳይ እችላለሁ።» ወደ ሑዘይፋ ዞረች። «አንተ ንገረኝ። ሌሊቱ እንዴት ነው?»

ሁለት እጆቹን ከጭኖቹ ሥር አድርጎ ተቀምጧል። እኔ ባለሁበት ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚቀመጠው፤ ላለማከክ ነው። አየኝና ፈገግ አለ።

«ደህና ነው። አልፎ አልፎ ብቻ…»

«ሑዘይፋ!» አልኩ። «ሐሙስ አራት ጊዜ ግቢ ወጥተህ እግርህን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከርክ። ቅዳሜ የሱብሂ አዛን እስኪባል ድረስ ጀርባህን ግድግዳ ላይ ስታሻሽ ነበር።»

ፈገግታው ጠፋ። «ትሰሚ ነበር?»

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ መሃላችን ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው እኮ!»

«የእርስዎን አልጽፍም፣ እናቴ» አለች ሲስተር። እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ እንደቆመ ነው። «ከሱ አፍ መስማት አለብኝ።»

እሱ ግን መሬት መሬቱን ያያል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ከኔ የደበቀውን፣ አሁን ዓይኔ እያየው እንዴት ያውጣው? ሻርፔን ሰብስቤ ተነሳሁ።

«ውጭ ነኝ» ብዬ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።

ኮሪደሩ ላይ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። ከዚያ የልጄ ድምፅ መጣ።

«አልሐምዱሊላህ…» አለ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። አለቀ፣ አልኩ በሆዴ።

ግን አልቀጠለም። በቃል ፈንታ፣ ቤታችን ሌሊት ሌሊት በጭቃው ግድግዳ በኩል የማውቀው ድምፅ መጣ፤ በጠራራ ፀሐይ ሰምቼው የማላውቀው። ጥፍር ቆዳን ሲያክ፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርጎ፣ ማንንም ሳይፈራ።