የሠራተኛ ቤተሰብ

ቅዳሜ ከምረቃው በኋላ በኮሌጁ የጥበቃ ቤት ውስጥ ዘበኛው ጋሽ ይልማ፣ ጋዋኗን ያላወለቀችው ልጃቸው፣ ታናሽ ወንድሟ ናሆምና የአስተዳደር ኃላፊዋ ወይዘሮ አስናቀች ነበሩ።

«በዚህ እግርዎ በቃዎት፤ ይረፉ» አሉ ኃላፊዋ።

«እኔ ካረፍኩ ናሆም በነፃ መማሩ ይቀራል» አሉ ጋሽ ይልማ። «የሚከፈለውን ከየት አመጣለሁ?»

«ደንቡ የሠራተኛ ልጅም ወንድምም በነፃ ይማራል ነው የሚለው። እሷን እንቅጠራት።»

የጋሽ ይልማ ፊት በራ። «አካውንቲንግ ነው የጨረሰችው፤ ያውም በማዕረግ» አሉ።

«አውቃለሁ። ክፍት ቦታ ያለን ግን አንድ ብቻ ነው።»



«እኔ ትምህርቱን ልተወው» አለ ናሆም።

«አርፈህ ተማር» አለችው እህቱ።

ሰኞ ጠዋት ናሆምን የኮሌጁ በር ላይ አቁማ ቦርሳውን ፈተሸች።