ያጠረው እጅጌ

ልብስ ሰፊዋ ለባሏ ኮት መስፋት ከጀመረች ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ልኩን በቃሏ ታውቀዋለች። ዛሬ አዲሱን ስታለብሰው ግን እጅጌው በአራት ጣት አጠረው።

«አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ታድጋለህ እንዴ?» አለችው እየሳቀች።

«ሜትርሽ አርጅቷል» አላት፤ ሄዶም በሩን ተደግፎ ቆመ። ከመንገድ ከተመለሰ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቀልድ አይሆንለትም።

ስልኳ ጠራ። ደንበኛዋ ናት። «እትዬ፣ ልኬን በኢሜይል ከላክሁልሽ ቆየሁ እኮ። ስፓም ውስጥ ገብቶ እንዳይሆን እስቲ እዪው።»

ስልኩን ዘግታ የኢሜይሏን ስፓም ከፈተች። የደንበኛዋ መልእክት ከሎተሪና ከውፍረት መቀነሻ ማስታወቂያ መሀል ተሸጉጧል። ከሥሩ ሃያ አንድ ሌላ መልእክት ተደርድሯል፤ ሁሉም ከባሏ አድራሻ፣ በየቀኑ አንድ።

የመጀመሪያው፦ «ሆስፒታል ነኝ። መንገድ ላይ አንድ ሰው በብረት መንጋጋዬን አደቀቀው። መናገር ስለማልችል በነርሷ ስልክ ነው የምጽፍልሽ።»

ሁለተኛው፦ «ኮቴን ከነቤታችን ቁልፍ ገፎኝ ሄደ። ምነው ዝም አልሽኝ?»

የዛሬ ጠዋቱ፦ «ሲመታኝ ፊቱን አይቼዋለሁ። የኔው ፊት ነው። እባክሽ እንዳታስገቢው።»

ቀና ብላ ፊት ለፊቷ ባለው መስታወት አየችው። ከኋላዋ፣ ስድስት እርምጃ ርቆ፣ በሩን እንደተደገፈ ነው።

«ሜትርሽ እንኳ ደህና ነው» አላት ረጋ ብሎ።

ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። እጁ ብቻ በትከሻዋ ላይ አልፎ ከፊቷ መቀሱን አነሳ።