ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ስም

የሁለት ዓመት ልጇ ከሞተ ወዲህ መድኃኒት ያላነሣትን ልጄን ማኅደርን ሐኪም ቤት በየቀኑ ጭንቅላቷ ላይ የደፉላት የማግኔት ቆብ በሠላሳ ቀን ከአልጋ አስነሣት። ፀጉሯን ታጥባ ተሠራች፤ ሥራም ገባች። ሐኪሙ ግን አስጠነቀቀኝ።

«ሐዘኑ የወጣው ከልጁ ትዝታ ጋር ነው። ስሙ ቤት ውስጥ ከተጠራ በሽታው ሊመለስ ይችላል፤ ማግኔቱ ደግሞ ሁለተኛ አይሠራላትም» አለኝ።

ልብሶቹን ለሰው ሰጠሁ። ስሙን መጥራትም ተውኩ። አፌን ስዘጋ ግን እኔም እንዳልረሳው ፈራሁ፤ ስሙን እንኳ መጻፍ ልቻል ብዬ የጎልማሶች ትምህርት የገባሁት ለዚህ ነው።

ዛሬ ከሰዓት ብቻዬን ነኝ ብዬ ደብተሬ ላይ ሱራፌል፣ ሱራፌል እያልኩ አንድ ገጽ ሞላሁ። ማኅደር ለካ ከኋላዬ ቆማለች።

«እማዬ፣ ጽሕፈትሽ ከእኔ ሊበልጥ ነው» ብላ ሳቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አነበበች። «ሱራፌል ማነው?»

ፊቷን አየሁት፤ ምንም የለበትም።

«መምህሩ የሰጡን የቤት ሥራ ነው» አልኳት።

«ደስ የሚል ስም ነው። አንድ ቀን ወንድ ልጅ ከወለድኩ ሱራፌል ነው የምለው።»

«እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አልኳትና ገጹን ገለበጥኩ።