የስልኩ ማቆሚያ

ሰውዬው ከትናንት ወዲህ እጁ አልታዘዝ ብሎት ፎቶው ሁሉ ስለተደበዘዘ፣ ከአልጋ ርብራብና ከተሰበረ የጠረጴዛ መብራት አንገት የስልክ ማቆሚያ ሠራ። ስልኩን ወደ ታች አስጎንብሶ በላስቲክ አሰረው። ገደል ገብቶ ከተቃጠለው አውቶብስ የተለቀሙትን ቁልፎች፣ ቀለበቶችና አዝራሮች የሟች ቤተሰቦች አይተው እንዲለዩ አንድ በአንድ ፎቶ ያነሳል፤ ሚስቱ ባትሪ ታበራለታለች።

አንዱን ዕቃ ግን ኮቱ ኪስ ውስጥ ደብቆታል፤ የታናሽ ወንድሟን የጥላዬን የአንገት መስቀል። መርዶ እንዲህ ጓዳ ውስጥ በድንገት አይነገርም። ነገ ማለዳ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች መጥተው በወጉ ያረዷታል፤ እስከዚያ እህል ትቅመስ፣ ትንሽም ትተኛ ብሎ ነው።

የመጨረሻውን አዝራር ፎቶ አንስቶ ላስቲኩን ሊፈታ ሲል እጁን ያዘችው።

«አንድ ይቀርሃል።»

«የለም፣ አልቋል።»

«ዛሬ ጠዋት ኮትህን ሳራግፍ አግኝቼው፣ መልሼ ከተትኩት» አለችው።

መስቀሉን አውጥቶ ነጩ ጨርቅ ላይ አስቀመጠው። ባትሪውን አስጠጋችለት።

«የእናቴ ዓይን ደክሟል፤ ጥርት አድርገህ አንሳው።»